ሳናንኳኳ ያለበስነው ትሬለር

ነገሩ የደረሰው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ዌስተን በሚባለው ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም ንፋስ ሸራ ሲያርገበግብ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ሥራ ትቼ ዞር ብዬ አያለሁ። ባለቤቴ ሙሉ “አሁንም?” ትለኛለች። አዎ፣ አሁንም።

መጀመሪያ ስለ ትሬለሩ ልናገር። በመኪና የሚጎተት፣ ውስጡ አልጋ፣ ጠረጴዛና የጋዝ ምድጃ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ካራቫን የሚሉትም አሉ። እኔና ጓደኛዬ ግርማ በጋራ የገዛነው በበጋ ልጆቻችንን ይዘን ሐይቅ ዳር ለመሄድ ነበር። ግርማ የሚኖረው ሴንት ጄምስ ታውን፣ ፎቅ ላይ ስለሆነ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ትሬለሩ የሚከርመው እኔ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ነው።

ግርማ አገር ቤት ሳለ የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከረዳትነት ጀምሮ ያደገ ሰው ነው። ትሬለሩንም “ተሳቢው” ነው የሚለው። ስለ ጭነት፣ ስለ ገመድና ስለ ሸራ ከእሱ ጋር መከራከር ራስን ማድከም ነው። እኔ ደግሞ ካልኩ አልኩ ነኝና ደጋግሜ ራሴን አደክም ነበር።

የዚያን ዓመት ክርክራችን ትሬለሩ ለክረምቱ ሸራ ይልበስ ወይስ አይልበስ የሚል ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ላይ የተከመረው በረዶ ሲቀልጥ በአንድ ጥግ ገብቶ ፍራሹን አበስብሶብናል። ዘንድሮ አያሞኘኝም ብዬ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ገዝቼ መጣሁ።

“ኮቨር ካደረግከው ይታፈናል” አለ ግርማ። “ውስጡ ያለው ሞይስቸር፣ እርጥበቱ፣ በየት ይውጣ? ከላይ የሚገባውን ስትፈራ ከውስጥ ይሻግትልሃል። ዕቃ መተንፈስ አለበት።”

“እያፈሰሰ ነው የሚተነፍሰው?”

“ጣሪያውን እንጠግነዋ።”

“በረዶው ዛሬ ነገ እያለ ነው፣ አንተ ጥገና ታወራለህ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።”

ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ግርማ ሰለቸውና “እሺ፣ ይልበስልህ። ከለበሰ ግን የማስረው እኔ ነኝ። አንተ ያሰርከውንማ ንፋሱ ሞንትሪያል ድረስ ይዞት ይሄዳል” አለኝ።

በዚያ ጊዜ የሙሉ አባት፣ አባባ ተካ፣ አብረውን ይኖሩ ነበር። የመጡት በዚያው ዓመት በጸደይ፣ በረዶው ካለፈ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ልማድ አላቸው። ወደ ቤት ሲገቡ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ቢሆን፣ ደጃፉ ላይ ቆመው “ቤቶች!” ሳይሉ አይገቡም። ልጆቼ ይስቁባቸዋል። “አባባ፣ ዩ ሊቭ ሂር!” ይሏቸዋል፤ እዚሁ አይደል እንዴ የሚኖሩት ማለታቸው ነው። እሳቸው ምላሽ እስኪሰሙ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ትሬለሩን ያሳየናቸው ቀን እንኳ በሩ ሥር ያለችው መረገጫ ላይ ቆመው “ቤቶች!” ብለው ነበር። እኔና ግርማ ተሳሳቅን።

ጊዜው የጽጌ ጾም ነበር። ይህን ጾም የሚጾመው የፈቀደ ሰው ነው። አባባ ተካ ግን አንድም ዓመት አሳልፈውት አያውቁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ችግሩ የእኛ ቤት ነው። ቴሌቪዥን አለ፣ ስልክ አለ፣ የልጆች ጩኸት አለ። ዳዊታቸውን ከፍተው ገና ሲጀምሩ አንዱ ኳስ እያነጠረ ያልፋል። አንድ ቀን ሙሉን “ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የት ነው የሚጸልየው?” ብለው ጠየቋት።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው ይወጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። የት እንደሚሄዱ ስንጠይቃቸው “እዚሁ ነኝ” ይላሉ እንጂ ሌላ ነገር አይወጣቸውም። ጸሎት በስውር ሲሆን ነው የሚሰምረው ብለው ያምናሉ። እኛ ከቤታችን ብዙም ወደማይርቀው ሀምበር ወንዝ ወርደው ዛፍ ሥር የሚቀመጡ መሰለን። ለአንድ አገር ቤት ሽማግሌ ከወንዝ ዳር የተሻለ ምን ጸጥታ አለ ብለን ተውነው።

ግርማ የመጣው አንድ ማክሰኞ ነው፤ ሁለታችንም ከሥራ ዕረፍት ነበርን። ሙሉ ሥራ ገብታለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አባባ ተካ እንደ ልማዳቸው ወጥተዋል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ንፋሱ አቅል ያስታል። ሬዲዮው በረዶ እየመጣ ነው ይላል።

ትሬለሩን አስቀድመን ለክረምት አዘጋጅተነው ነበር። ውሃውን አፍስሰናል፤ መጋረጃዎቹን ዘግተናል። ስለዚህ ውስጡን የማየት ሐሳብ ለአንዳችንም አልመጣልንም። ግርማ እንደ ልማዱ ዙሪያውን ዞረ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። የበሩን እጀታ ሳብ አደረገና “ተቆልፏል” አለ። ከፊት ለፊት ባለው የጋዝ ሲሊንደር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲነካካም አየሁት። ከዚያ በሩ ጋ ያለችውን መረገጫ ሊያነሳ ሲል አንድ ነገር በእግሩ ወደ ትሬለሩ ሥር ገፋ አደረገ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ዓይኔም ልቤም ሸራዬ ላይ ነበር።

ማልበሱ ትግል ሆነብን። አንዱን ጫፍ ስንይዝ ንፋሱ ሌላውን ይነጥቀናል። ግርማ መሰላል ላይ ወጥቶ “ሳብ! ልቀቅ! ሳብ!” እያለ የድሮ ረዳቱ አደረገኝ። ገመዱን በትሬለሩ ሆድ ሥር አሳለፈ፣ አዞረ፣ በጉልበቱ ተደግፎ እየጎተተ ቋጠረ። ከአሰብ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመጣ እንደሚያስረው ነው ያሰረው። በሩም፣ መስኮቶቹም፣ የጣሪያው መተንፈሻም ሸራው ሥር ገቡ።

“አሁን እንኳን በረዶ፣ ጋኔን አይገባበትም” ብሎ እጁን አራገፈ።

እኔም ክርክሩን ያሸነፍኩ ስለመሰለኝ ደስ አለኝ። ገብተን ምሳ በላን። ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀመጥን።

ሙሉ ከሥራ ስትገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ለአባቷ የጾም ወጥ ልታሞቅ ወደ ኩሽና ገባችና ወዲያው ተመልሳ ወጣች።

“አባባስ?”

“አልመጡም።”

“ምን ማለት ነው አልመጡም? ሰዓቱን አታይም?”

በመስኮት አየሁ። በረዶው ጀምሯል። ከንፋሱ ጋር ወደ ጎን የሚነዳ፣ ዓይን የማያስገልጥ በረዶ ነው። አባባ ተካ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ በረዶ ሲጥል አይተው አያውቁም። እንግሊዝኛ አይችሉም። ሙሉ የስልክ ቁጥራችንን ጽፋ ኪሳቸው ውስጥ ጨምራላቸው ነበር፤ ያቺ ወረቀት አልጋቸው ራስጌ ተቀምጣ አገኘናት።

“ደህና ናቸው፣ የሆነ ቦታ ተጠልለው ይሆናል” አልኳት።

“የት? የት ነው የሚጠለሉት ሰለሞን? ማንን ያውቃሉ?”

እኔና ግርማ መኪናውን አስነስተን ወደ ወንዙ ወረድን። ሙሉ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ለሚኖሩ ዘመዶቻችንና ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልትደውል ቤት ቀረች።

ወንዙ ጠቁሮ፣ ሞልቶ ይሄዳል። ዳር ዳሩን የረገፈው ቅጠል ላይ በረዶ ጥሎበት ያንሸራትታል። እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እኔ ወጣት ሆኜ እንዲህ ከሆንኩ ጾም የዋሉ ሽማግሌ እንዴት ሊሆኑ ነው እያልኩ ተነስቼ ሮጥኩ። “አባባ! አባባ ተካ!” እያልን ወደ ላይና ወደ ታች ተለያየን።

አንዲት ፈረንጅ ውሻዋን እየጎተተች ስትመጣ አስቆምኳት። ነጭ ልብስ ያጣፉ፣ መጽሐፍ የያዙ ሽማግሌ አይታ እንደሆነ ጠየቅኳት። በየቀኑ በዚህ እንደምታልፍ፣ እንዲህ ያለ ሰው ግን አንድም ቀን አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

አንድም ቀን? ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን የት ነበር የሚሄዱት? ይህን ለማሰብ ፋታ አላገኘሁም። ውሃው መሃል፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ነገር አየሁ።

ክው አልኩ። ነጠላ ነው። ለግርማ እጄን አወዛወዝኩለት። እሱም ሮጦ መጣና እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ በእንጨት ጎተተው። የገበያ ፌስታል ነው።

“ላስቲክ ነው ሰለሞን። ላስቲክ ነው” አለኝ ደጋግሞ። እሰማዋለሁ፣ ግን አይገባኝም። ለሙሉ ምን ብዬ እንደምነግራት በሐሳቤ ጀምሬው ነበር።

ቤት ስንመለስ ቀኑ ሊጨልም እያቅማማ ነው። ሙሉ ፖሊስ ጋ ደውላለች። የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ መልካቸውንና አለባበሳቸውን ትናገራለች። ከድንጋጤዋ የተነሳ እንግሊዝኛው መሃል አማርኛ እየገባባት ነበር። ካፖርቱን ተናገረች፣ ነጠላውን ተናገረች። ስለ ጫማ ሲጠይቋት ወደ እኔ ዞረች።

“የትኛውን ነው ያደረጉት? ቡኒውን መሰለኝ አይደል? ያንን ከኋላው የረገጡትን፣ ለማውለቅ እንዲቀላቸው።”

ግርማ በሩ ጋ ቆሞ በረዶውን ከትከሻው ያራግፍ ነበር። እጁ እንዳለ ቀረ።

“ምን አልሽ? ከኋላው የተረገጠ?”

“አዎ። ምነው?”

ፊቱ አመድ መሰለ። “መረገጫው አጠገብ ነበር። ጎን ለጎን ተደርጎ። የተጣለ አሮጌ ጫማ መስሎኝ በእግሬ ገፋሁት... ተሳቢው ሥር።”

ሙሉ ስልኩን ለቀቀችው። ሦስታችንም በኋላ በር ወጣን።

ሸራው በንፋሱ እየተርገበገበ ይጮሃል። “አባባ!” እያልኩ ጎኑን በጡጫ ደበደብኩ። መልስ የለም። ሙሉ ተንበርክካ እጇን ወደ ሥር ሰደደችና ጫማውን አወጣችው። ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

ጋዙ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። በበጋ ሻይ እንዲያፈሉበት ብሎ ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ ያሳያቸው ግርማ ራሱ ነው። በዚህ ብርድ ደግሞ ሳይለኩሱት አይቀሩም። መስኮቱንም መተንፈሻውንም የደፈንነው እኛ ነን። በተዘጋ ቤት ውስጥ የእሳት ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም፤ በከሰል ታፍነው ያደሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው።

“ጋዙን ዘግተኸዋል አይደል? ስትነካው አይቼሃለሁ!”

“ዘግቼዋለሁ” አለ ቋጠሮው ላይ እየታገለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። “ዘግቼዋለሁ መሰለኝ። ሰለሞን፣ እንጃ። እጄ ለምዶት ያደርገዋል እንጂ እኔ አላስታውስም።”

ቋጠሮው አልፈታ አለ። ገመዱ በመጀመሪያ ርሷል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ብረት ሆኗል። ዕድሜውን በገመድ የኖረው ሰው ጥፍሩ እስኪደማ ይታገላል፣ ንቅንቅ የለም። ሮጬ የዳቦ ቢላ አመጣሁለት። አንዱን ሲቆርጠው ሌላው ይይዛል፣ ሌላውን ሲቆርጠው ሦስተኛው አለ። የገዛ ሙያውን ረገመ። እያለቀሰ ነበር የሚቆርጠው። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ ግን “ይታፈናል ብዬህ ነበር” ብሎኝ አያውቅም።

ሸራውን ገልጠን በሩን ብንስበው አይከፈትም። ያልተቆለፈ ኖሯል፤ ከውስጥ በመንጠቆ ተይዟል። ግርማ አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። መንጠቆው ተነቅሎ በሩ ተበረገደ።

ውስጡ ጨለማ ነው። መጀመሪያ የታየኝ የነጠላው ንጣት ነው። አባባ ተካ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዳዊቱ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ሙሉ ከኋላዬ “አባዬ!” ብላ ጮኸች።

ያኔ ቀኝ እጃቸው ከነጠላው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። መዳፋቸውን ወደ እኛ አዙረው ያዙት። ቆዩ ማለታቸው ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ቆየን። በረዶው እየወረደብን በሩ ላይ ተገትረን ጠበቅናቸው። ለምን ዘለን ገብተን እንዳላቀፍናቸው ዛሬም አላውቅም። አባት ቆዩ ካለ ይቆያል፤ ሌላ አልታሰበንም። በመጨረሻ አማተቡ፣ ዳዊቱን ሳሙት። ሊነሱ ሲሉ እግራቸው ከዳቸውና ግርማ እቅፍ ውስጥ ወደቁ። ሰውነታቸው በረዶ ሆኖ ነበር።

ስልኩ ሳይዘጋ በመቅረቱ ፖሊሶቹ አምቡላንስ አስከትለው ብዙም ሳይቆዩ ደረሱ። አባባ ተካን ሲወስዷቸው ግርማ ምድጃውን አየ። ቁልፉ እንደተከፈተ ነው፣ እሳት ግን የለም። ሮጦ ሲሊንደሩን ነካው። ተዘግቷል። መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሁሉን መዝጋት የለመደው እጁ፣ እሱ ልብ ሳይለው ዘግቶታል። በረዶው ላይ ቁጭ አለ።

ሐኪሞቹ ከብርዱ አዳኗቸው። ትንሽ ብንዘገይ ልባቸው አይችለውም ነበር አሉን። አባባ ተካ ነገሩን ራሳቸው ያጫወቱን አልጋ ላይ ሆነው፣ ትኩስ ነገር ከቀመሱ በኋላ ነው። ጾሙን በሙሉ ይጸልዩ የነበረው እዚያው ጓሮአችን ውስጥ ነው። “እዚሁ ነኝ” ሲሉን እውነታቸውን ነበር። ማክሰኞ ዕለት ዙሪያውን ስንዞር ሰምተውናል። እጀታው ሲሳብም አይተዋል። ነገር ግን ዳዊት ከጀመሩ የዕለቱን ሳያደርሱ ቃል አይወጣቸውም። መጀመሪያ እሳቱ ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ብርሃኑ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ያነሱታል ብለው ቀጠሉ። የዕለቱን አድርሰው በሩን ሲገፉት አልከፈት አለ። ደበደቡ፣ ተጣሩ። የሸራው ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው። እኛ በዚያን ሰዓት ወንዝ ዳር ስማቸውን እየጠራን ነበር።

“ከዚያማ” አሉ፣ “መሞቴ ከሆነ ዳዊቱን ልጨርሰው ብዬ ቀጠልኩ። ጨለማ ቢሆንም በቃሌ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መጣችሁ። ግድግዳውን ስትመቱም ንፋሱ መስሎኝ ነበር።”

ሙሉ እጃቸውን ይዛ ታለቅሳለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ “አባባ፣ ይቅር ይበሉን። ውስጡ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም” አልኳቸው።

“አይዞህ ልጄ፣ የሆነው ሆነ።” ቀና ብለው አዩን። “እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ስትዞሩ እየሰማሁ፣ አሁን ‘ቤቶች!’ ይላሉ፣ አሁን ይላሉ እያልኩ። ብትሉ ኖሮ ቃል ባላወጣ እንኳ ግድግዳውን መታ መታ አድርጌ እመልስላችሁ ነበር። ሰው ደጃፍ ደርሶ ዝም ይባላል?”

ግርማ ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

አባባ ተካ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩልን። እኔና ሙሉ የምንተኛበትን ክፍል ከፍለን ለጸሎት ጸጥ ያለች ጥግ አበጀንላቸው። አሁን ካረፉ ቆይተዋል። ትሬለሩም እንደኛው አርጅቷል። ጣሪያውን ጠግነነዋል፤ ሸራም እናለብሰዋለን። ግርማ ዛሬም አይልበስ ባይ ነው፣ እኔ ዛሬም ይልበስ ባይ ነኝ። ልዩነቱ አሁን ሥሩን ክፍት አድርጎ፣ አንዴ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ነው የሚያስረው።

በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ገመዱን ይዞ ይመጣል። እኔ ገብቼ ውስጡን አያለሁ፤ አልጋ ሥር ሳይቀር። ማንም የለም። ወጥቼ በሩን እዘጋና መረገጫው ላይ ቆሜ አንኳኳለሁ።

“ቤቶች!”

ግርማ አይስቅብኝም። ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል። መልስ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ትንሽ እንጠብቃለን፤ ሸራውን የምንዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።